የቀኙ ብሎን

አባቴ ሰው ለመግደል እየተዘጋጀ መሆኑን የደረስኩበት በወባ ተኝቼ ሳለሁ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደረስኩበት ማለቴን ታገሡኝ፤ ያኔ እንዲያ ነው የመሰለኝ፤ እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ የመሰለኝን ከሆነው ለይቼ የማስቀምጥ ልጅ አልነበርኩም። እናቴን ብትጠይቋት አሁንም አይደለችም ትላችኋለች።

ቤታችን ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። የፊተኛው ክፍል የአባቴ የጥገና ሱቅ፣ የኋለኛው ደግሞ መኝታችን ነበር፤ ሁለቱን የሚለያቸው አባቴ ራሱ ያቆመው የጣውላ ግድግዳ ነው። ትኩሳቱ ሲነሣብኝ ግድግዳው ይርቅና መልሶ ይቀርባል። ጧት ጧት ከሐይቁ የሚነሣው ጉም በመስኮት ገብቶ አልጋዬን ቀስ አድርጎ የሚያንሳፍፈው ይመስለኛል። ከግድግዳው ወዲያ የሞረዱ መፋቅና የሰዎች ወሬ ይሰማኛል፤ ግን ውሃ ውስጥ ተኝቼ የማዳምጠው ያህል ነው። ወሬው መጀመሪያም መጨረሻም የለው፤ ሁልጊዜ መሐሉ ላይ እነቃለሁ።

አባቴን ኑርዬን የሐይቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብስክሌት፣ ሬዲዮና የመስኖ ፓምፕ መጠገን እንጀራው ነበር፤ ያልነበረ ነገር መፈልሰፍ ግን ሱሱ። ባለ ካሬ ደብተር ነበረው፤ ደምበኛ ሲጠፋ እርሳሱን በምላሱ እያራሰ ይሥልበታል። በገመድና በጡብ ራሱን የሚዘጋ በር ሠርቶልን ነበር። በሩ አንድ ቀን እናቴን አሚናትን ቀሚሷን ይዞ ካስቀራት ወዲህ በጓሮ በኩል ነው የምትገባው። እኔ ግን አባቴ የማይሠራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሥራው አጠገብ ቁጭ ብዬ ብሎን ወደየት እንደሚጠብቅና ወደየት እንደሚፈታ ያወቅኩት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዬ አብተው መጡ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ወዳጁ። ድምፃቸውን ለየሁት፤ ዓይኔን ግን መግለጥ አልቻልኩም።

«ኑርዬ፣ ይቺን እጅ ያዛት እስቲ» አሉ።

አባቴ ወንበሩን ሳብ ሲያደርግ ሰማሁ።

«ብሶባታል» አለ አባቴ።

«ማንኪያ እንኳ አልይዝ ብላለች። እንኳን ጠመንጃ።»

«ቀኑ መች ነው ያልከኝ?»

«የአስተርዮ ማርያም ማግስት። ሙሉጌታ በቀኝ በኩል ነው የሚቆመው፣ አምስት እርምጃ ላይ። የምተኩሰው አንዴ ብቻ ነው።»

«አንዴ ይበቃሃል፣ አብሽር።»

«እጄን ብቻ መች ፈራሁ» አሉ አብዬ አብተው። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጠመንጃ ይዤ፣ እሱን ፊቴ አቁሜ፣ ወንድሜ ትዝ ያለኝ እንደሆነስ?»

አባቴ ሞረዱን አንሥቶ መልሶ ሲያስቀምጠው ሰማሁ።

«የምሠራልህ እኮ ለዚሁ ነው» አለ በመጨረሻ። «ልጓም አበጅለታለሁ። እጅህም ይንቀጥቀጥ፣ ልብህም ያሻውን ይበል፣ እሱ ከታሰረበት ንቅንቅ አይልም፣ ወላሂ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ተነጋገሩ፤ እኔን ግን ትኩሳቱ ይዞኝ ሄደ።

የአብዬ አብተውን ታናሽ ወንድም የገደለው የጋሽ ሙሉጌታ ታላቅ ወንድም መሆኑን እኛ ልጆች ሁሉ እናውቅ ነበር። እኔ ሳልወለድ በመሬት ወሰን ተጣልተው ነው። ገዳዩ ታስሮ እዚያው እስር ቤት ሞተ፤ ደሙ ግን አልደረቀም ይባል ነበር። ደም እንዴት ይህን ሁሉ ዓመት ሳይደርቅ እንደሚቆይ ትምህርት ቤት እየተነጋገርንበት፣ አንዷ ልጅ ከድንጋይ ሥር ነው የሚቀመጠው ብላኝ አምኛት ነበር።

ጋሽ ሙሉጌታን ደግሞ እወዳቸዋለሁ። ከሐይቁ ማዶ ናቸው፤ በየወሩ የሚበላሽ ፓምፕ አላቸው። በታመምኩበት ሰሞን ሲመጡ ወደ ውስጥ ሳይዘልቁ ደጃፉ ላይ ቆመው «ትንሿ እንዴት ዋለች?» ይላሉ። ባርኔጣቸውን ዘይቱን ሞልተው ለእናቴ ሰጥተዋት፣ በጠራራ ፀሐይ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ሄዱ። ያ የዘይቱን ሽታ ክፍሉን ሞልቶት ሰነበተ። እንግዲህ እኚህን ሰው ነው አባቴ ለአብዬ አብተው ልጓም ሠርቶ የሚያስገድላቸው። ከዚያ ፖሊስ ይመጣል፤ አባቴ ይወሰዳል፤ እሱም እንደ ጋሽ ሙሉጌታ ወንድም እዚያው ይቀራል። ብርድ ልብሱን ነክሼ አለቀስኩ።

ትኩሳቱ ሲለቀኝ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው የሚያየው። አባቴ የሠራው ነገር እዚያ ቆሞ ነበር፤ ሦስት የእንጨት እግር ያለው፣ ራሱ ላይ የብስክሌት ሹካ ወደ ላይ የተሰካበት። ሹካው በወፍጮ ኩሽኔታ ላይ ተቀምጦ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዞራል። መሐሉ ላይ ቀጭን ጠመንጃ ተጋድሟል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ እንዲበላ ሰደፉ በካላማዳሪ ጎማ ተጠፍሯል። ከሹካው ግራና ቀኝ አውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት ብሎኖች አሉ።

ከጓሮው ጫፍ ሎሚ በክር ተንጠልጥላለች። ሎሚዋን ልብ ብዬ አላየኋትም። እኔ ያየሁት ከሎሚዋ በስተቀኝ የቆመውን ሰው ነው። እንጨት ነው፤ ግን የአባቴን አሮጌ ካፖርት ለብሷል፣ ቁመቱም ልክ የጋሽ ሙሉጌታ ነው። አባቴ ተንበርክኮ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳረፈ። አፈሙዙን ወደ ካፖርቱ ጎተተው። ተነሥቶ የቀኙን ብሎን አጠበቀ፤ ካፖርቱን አየ፤ እንደገና ጎተተ። ሲጨርስ ለብቻው ፈገግ አለ። እንደዚያ ፈገግታ ያስፈራኝ ነገር የለም።

አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል እሠራለሁ። ማሽን የሰው እጅ እንዳይበላ ገደብ ማበጀት የሥራዬ ግማሽ ነው። ዛሬ በዚያ መስኮት ባይ አባቴ ምን እየሠራ እንደሆነ ወዲያው ይገባኝ ነበር። አፈሙዙን ወደ ካፖርቱ የሚጎትተው፣ የቀኙ ብሎን አግዶ እንደሚያስቀረው ለማየት ነው። ፈገግ ያለው እምቢ ስላለው ነው።

በትኩሳት ያለፈኝ ወሬም ይህ ነበር። ሁለቱን ቤተሰቦች ሸህ አብዱልመናን አስታርቀዋቸዋል። ሸህየው አበጋር ናቸው፤ በዚያ አካባቢ ደም የሚያደርቁ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን የሚሰማላቸው ሽማግሌ። ዕርቁ እንዲጸና የአብዬ አብተው ልጅ ታሪኩ የጋሽ ሙሉጌታን ልጅ አመተ ማርያምን እንዲያገባ ተወስኗል። በመንደራቸው ወግ የወንድ ወገን ሙሽሪት ቤት ከመግባቱ በፊት የቆመለትን ኢላማ ይተኩሳል። ሸህየው «በዚህ ሠርግ ባሩድ አይሸተትም» ብለው ስለከለከሉ፣ ደሴ ካሉ የኢላማ ስፖርት ወዳጆች የአየር ጠመንጃ በውሰት መጣ። ተኳሹ የሟቹ ወንድም፣ ባለደሙ ራሱ ይሆናል። ኢላማውን የሚሰቅለው የሙሽሪት አባት ነው፤ ሰቅሎም አይሸሽም፣ አምስት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። ደመኛው መሣሪያ ይዞ ፊቱ ሲቆም አለመሸሹ ነው ዕርቁ። በአየር ጠመንጃ ሰው አይሞትም ትሉኝ ይሆናል። ዓይን ግን ያጠፋል። እዚያ ደጃፍ ላይ አንድ ጠብታ ደም ብትፈስ ደግሞ የሸህየው የሦስት ዓመት ልፋት አፈር ይበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚተኮሰው በአየር አይሆንም።

አብዬ አብተው ይህን ሁሉ አስበው ነው አፈሙዙ ወደ ቀኝ ጣት ያህል እንኳ የማይዞርበት ነገር ሥራልኝ ብለው አባቴን የለመኑት። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው አባቴ የቀኙን ብሎን ባጠበቀ ቁጥር ካፖርቱን እንደሚያይ ነው። ጋሽ ሙሉጌታን የያዛቸው ያ ብሎን ነው ብዬ ቆረጥኩ።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው አባቴ ለዙህር ሰላት መስጊድ፣ እናቴ ገበያ ሄዱ። ልጓሙ ወደ አብዬ አብተው ቤት ሊላክ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል። ብሎን መፍቻውን ከመስቀያው አወረድኩ። ፈታሁት። ክፍተቱን በግራሶ ሞልቼ ብርድ ልብሱን እንደነበረ ጠቀለልኩት፤ ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጉልበቴ ገና ከበሽታው አልጸናም ነበርና ሦስት ጊዜ ቁጭ ብዬ ነው የደረስኩት። ሐይቁ በዚያ ሰዓት ፀጥ ብሎ ሰማዩን ይዟል፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ መሐል ላይ ታንኳው ውስጥ እንቅልፍ ወስዶታል። ብሎኑን ወረወርኩት። ውሃው ክብ እየሠራ ሄዶ ሄዶ ጠፋ። ሁለት ሰው እንዳዳንኩ ተሰማኝ፤ ደስ አለኝ፤ ወደ ቤት ስመለስ እየዘፈንኩ ነበር።

የሠርጉ ዕለት እኛም ሄድን። ከሐይቁ ማዶ ያለው መንደር በጉም ተሸፍኖ ስለነበር ሰዎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ከበሮው ከየት እንደሚመታ አይታወቅም። የሴት ወገን ልጃገረዶች በሩ ላይ ተደርድረው፣ ኢላማ የሳተን አማች የሚሰድቡበትን ግጥም በጉሮሯቸው አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ሸህ አብዱልመናን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሙስባሃቸውን ይቆጥራሉ።

ጋሽ ሙሉጌታ ኢላማውን ሰቀሉ። እንቁላል ነው፤ በክር የተንጠለጠለ። ክሩን ለማሰር ብዙ ቆዩ። ከዚያ አምስት እርምጃ ቆጥረው በቀኝ በኩል ቆሙ፣ እጃቸውንም ወደ ጎን ለቀቁት።

አብዬ አብተው ከልጓሙ ኋላ ተንበረከኩ። ከበሮው ቆመ። ቀኝ እጃቸው ስትንቀጠቀጥ እኔ እንኳ ከሩቅ አያታለሁ። ሰደፉን ያዙ፤ አፈሙዙ ያለ ምንም ከልካይ ወደ ቀኝ ተንሸራተተና ጋሽ ሙሉጌታ ላይ ቆመ።

አባቴ አጠገቤ ነበር። የያዘኝን እጄን ሲጨብጠው አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ብሎኑን ፈትቻለሁ፤ ታዲያ ለምን እሳቸው ላይ ሄደ?

ጋሽ ሙሉጌታ አልተነቃነቁም። ዓይናቸውንም አልጨፈኑም።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። በልጅነቴ ያን ጊዜ ሳስበው አንድ ሙሉ ጧት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አብዬ አብተው ጠመንጃውን ከጎማው ፈትተው ይዘውት ተነሡ።

«ሙሉጌታ» አሉ።

«አቤት።»

«ወዲህ ና።»

ከሴቶቹ አንዷ «ማርያም ማርያም» ስትል ሰማሁ። ጋሽ ሙሉጌታ መጡ። አምስቱን እርምጃ ብቻ ሳይሆን ሜዳውን ሁሉ አቋርጠው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«ዙርና ተንበርከክልኝ። እጄ አልጸና ብላኛለች።»

ዞረው ተንበረከኩ። አብዬ አብተው ከኋላቸው ተንበርክከው አፈሙዙን ትከሻቸው ላይ አሳለፉት፤ ግራ እጃቸውን ደግሞ በሌላው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ሁለቱም ወደ እንቁላሉ አዩ። ጠመንጃው እዚህ ግባ የማይባል ድምፅ አሰማ።

እንቁላሉ እንደተንጠለጠለ ነው። ልጃገረዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ስድቡን የጀመረች አንድም አልነበረችም። ሸህ አብዱልመናን ከበርጩማቸው ተነሥተው እንቁላሉን አዩት፣ ሁለቱን ሰዎችም አዩአቸው።

«ተመቷል» አሉ። «ግቡ።»

እልልታው ቀለጠ። እኔም እልል አልኩ። ጋሽ ሙሉጌታ በሕይወት ነበሩ፤ ይህን ያደረግኩት እኔ ነበርኩ።

አባቴ ግን ከሠርጉ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። ልጓሙን በዚያው ዕለት በታትኖ ጎማውን ወደ ጎማ፣ ሹካውን ወደ ሹካ መለሰው። ባለ ካሬውን ደብተር ሳጥን ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። ከዚያ ወዲያ የሰው ዕቃ ይጠግናል እንጂ አንድም ነገር ፈልስፎ አያውቅም። የጠገነውንም ብስክሌት ባለቤቱ ይዞት ሲወጣ ከኋላው ሮጦ አስቁሞ ብሎኑን እንደገና ይነካካል። ሰው ይስቅበት ጀመር። እናቴ ምን ሆንክ ስትለው «እጄ ከዳኝ» ይላታል፤ እኔም እሰማለሁ። ሰው መግደል አቅቶት ነው የከፋው ብዬ አሰብኩ። ያን በጋ በሙሉ አባቴን ፈራሁት። እጁን ራሴ ላይ ሲያደርግ እሸሸው ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ካደግኩ በኋላ ወጉንም ዕርቁንም አወቅኩ፤ ያደረግኩትም ምን እንደነበር ገባኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ማንም ሳይጎዳ ያለፈ ነገር ነው እያልኩ ራሴን እደልላለሁ፤ አባቴም መፈልሰፉን የተወው እያረጀ ስለሆነ ነው እላለሁ።

አምና መስከረም ላይ አብዬ አብተው ታመሙና ልጠይቃቸው አርዲቦ ወረድኩ። አልጋቸው በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ ሐይቁን እያዩ ተኝተዋል። መንቀጥቀጡ ከእጅ አልፎ አገጫቸው ደርሷል። የታሪኩና የአመተ ማርያም ልጆች በግቢው ይራወጣሉ። ሰውየው ዳግመኛ እንደማላገኛቸው ተሰማኝና ሳላስበው አወጣሁት።

«አብዬ፣ የዚያን የልጓሙን ብሎን የፈታሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ሙሉጌታን ሊገድሉ ነው ብዬ።»

ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «እኔማ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዳንዴ ሰይጣን ነው የፈታው እላለሁ፣ አንዳንዴ እግዜር ነው እላለሁ።» ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባቸው። ውሃ አጠጣኋቸው።

«ጧት ሞክሬው ነበር» አሉ ከዚያ። «ገና ሳይነጋጋ። ወደ ቀኝ ሲሄድ አየሁት። አየሁና መልሼ ሸፈንኩት። ለኑርዬ አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«እሱን እስካሁን አላውቀውም፣ ልጄ። ያወቅኩት መስሎኝ ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸው ነበር፤ ግን አላውቀውም።»

«ታዲያ ለምን ጠሯቸው?»

«እንቁላሉን ሲያስር ቆየ አይደል? ጣቶቹን አየኋቸው። የሱም ይንቀጠቀጡ ነበር።»

አንድ ልጅ መጥቶ ኳስ ከአልጋው ሥር አውጥቶ ሄደ።

«አባትሽ ያውቃል?» አሉኝ።

«አልነገርኩትም።»

«እሱ እኮ ብሎኑ ሳላጠብቀው ቀርቼ ወልቆ ጠፋ ብሎ ነው የሚያምነው። ባገኘኝ ቁጥር አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ይለኛል፤ በአንተ እጅ ሰው ላስገድል ነበር ብሎ ራሱን ይከሳል። እኔም ጧት ማየቴን መናገር ፈርቼ ዝም አልኩት። ሁለታችንም በደልነው።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የኔን እኔ እነግረዋለሁ፣ እግዜር ዕድሜ ከሰጠኝ። አንቺ ግን ዛሬውኑ ሂጂ።»

በመጣሁበት ባጃጅ ሐይቅ ተመለስኩ። አባቴ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ የልጅ ብስክሌት ይጠግን ነበር፤ የጨረሰውን ብሎን እየዞረ እንደገና ያጠብቃል። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ከወባው ጀምሬ ነገርኩት። ካፖርቱን፣ ሎሚዋን፣ የዙህሩን ሰዓት፣ ሐይቁን። እሱንም ፈርቼው እንደነበር ነገርኩት።

ስጨርስ መፍቻውን ከእጁ አስቀመጠ።

«የቀኙን?» አለ።

«የቀኙን።»

«ስትፈቺው ጠብቆ ነበር?»

«ጠብቆ ነበር፣ አባዬ። እምቢ ብሎኝ መፍቻው ላይ በሁለት እግሬ ቆሜበት ነው የዞረው። በእጄ ስታገለውም መዳፌ ተልጦ ለእማዬ ወደቅኩ አልኳት።»

አባቴ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው። መላልሶ አያቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «አጥብቄው ነበር።» ከዚያ ያን ሁሉ መንገደኛ ሳያፍር፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ እንደ ልጅ አለቀሰ።